ሐር የለበሰው ብረት

ኮንግሲ ሥራ ሲጀምር ቀድሞ የሚያደርገው ነገር መስማት ነው። ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት መዳፉን ማሽኑ ደረት ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። የማያውቀው ሰው ሲያየው የሚጸልይ ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን በሳቅ ይፈርሳል፤ በኖንግሳይ መንደር እንደ ኮንግሲ በእንዲህ ያለ ነገር የሚያሾፍ የለማ! ጎረቤቱ ሞተር ሳይክሉ ላይ አበባ ሲያንጠለጥል ካየ፣ «ብረት ምን ያውቃል! ዘይቱን ቀይርለት እንጂ አበባ አይበላም» ይለዋል። ታንኳው አፍንጫ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ የሚያስረውን ዓሣ አጥማጅም አይምረውም። አፉ እንዲህ ነው፤ እጁ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ወርቅ ነው።

ማቀዝቀዣ የመስቀልና የመጠገን ሙያውን ያመጣው ከሪያድ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሩዙ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ማሳው ላይ ሲደርቅ፣ እንደ መንደሩ ጎረምሶች ሁሉ አረብ አገር ሄደ። እዚያ ብሎኬት ሲሸከም አንድ ቲኖ የሚባል ፊሊፒናዊ ሽማግሌ አየውና «አንተ፣ ና እስቲ መሰላሉን ያዝልኝ» አለው። ሁለቱም አጥርተው በማያውቁት አረብኛ፣ የቀረውን በጣት እያሳዩ፣ ሰባት ዓመት አብረው ሠሩ። ግድግዳ ሳይበሱ በፊት አንኳኩቶ ማዳመጥን፣ ለከባድ ማሽን ረጅሙን ቡሎን መምረጥን፣ የውሃ መውረጃውን በትንሹ ወደ ውጭ ማዘንበልን ያስተማረው ቲኖ ነው። መዳፍ ለጥፎ መስማትንም እንዲሁ። የኮንግሲ እናት በድንገት ታመው ወደ አገሩ ሲመለስ ቲኖ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበርና ሳይሰነባበቱ ቀሩ። ሽማግሌው የጋዝ መለኪያ ጌጁን በሰው እጅ ላከለት። ኮንግሲ ዛሬ እጽፋለሁ ነገ እጽፋለሁ ሲል ዓመቱ አለፈ፤ ከዚያ ቲኖ መሞቱን ሰማ። ያንን «አመሰግናለሁ» እስከ ዛሬ ውጦት አልወረደለትም። ጌጁ ግን በስልሳ ሦስት ዓመቱም ከእጁ አልተለየም።

የዛሬ አምስት ዓመት የመንደሩ ሴቶች ተሰባስበው ለሐር ትሎቻቸው አንድ ክፍል ሠሩ። ከእንቁላል የወጡት ትሎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት እዚያ አንድ ላይ ያድጋሉ፤ ጠንከር ሲሉ ለሠላሳ ሁለቱ ቤት ይከፋፈላሉ። ጫጩት ትል ሙቀት ሲበዛበት ያልቃል፤ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ስለዚህ የማኅበሩ ሰብሳቢ ራምፋ፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማታውቅ፣ በዕድሜ የኮንግሲ ልጅ የምትሆን ሴት፣ ለፋብሪካ የሚሆን ትልቅ የግድግዳ ማቀዝቀዣ አስመጣች። የሰቀለው ኮንግሲ ነው። ግማሽ ቀን ግድግዳውን ሲያንኳኳ፣ ግማሽ ቀን ሲበሳ ዋለ።

ታዲያ ያን ዕለት፣ መብሻውን ሊያስነሳ ሲል፣ ከሸማኔዎቹ ሁሉ ትልቋ እማማ ፔንግ ጠጋ ብለው፣

«ኮንግሲ ልጄ፣ መነኩሴውን ጠይቀን መልካም ሰዓት ብናስቆጥርለትስ?» አሉት።

«እማማ፣ ብረት እኮ ነው! ብረት ምን ያውቃል? ሰዓቱን ቢነግሩትስ ያነበዋል?» አለና ሳቀ።

ሴቶቹም ሳቁ። እማማ ፔንግ ብቻ አልሳቁም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ፤ ኮንግሲም ወዲያው ረሳው።

ማሽኑ አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ሎሌ አገለገለ። ኮንግሲ በየወሩ እየሄደ ማጣሪያውን ያጥባል፣ መውረጃውን ይነፋል፣ መዳፉን ለጥፎ ይሰማል። ባለፈው ዓመት ያ የማይረሳው ሙቀት ሲመጣ በጎረቤት መንደር ትሉ በየሰፌዱ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲያልቅ፣ የኖንግሳይ ሴቶች ግን ሐራቸውን ሸጠው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት መለሱ።

ዘንድሮ ጉድ መጣ። ሙቀቱ ገና ሲጀምር ማሽኑ ቆመ። ኮንግሲ በጠዋት ተጠርቶ ሄዶ ቢያየው ምንም የለበትም! ጌጁን ቢሰካ ጋዙ ልክ ነው። ሞተሩ ደህና፣ ማራገቢያው ደህና። ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ አለ፤ በቃ። ቢያስነሳው ተነሣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቆመ፤ እንደገና ጤነኛ ሆኖ ጠበቀው። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆም አንድ ሰፌድ ሙሉ ትል አለቀ። ራምፋ ሰፌዱን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አጎቴ ኮንግሲ፣» አለችው፣ «እርስዎን የማከብር ሰው ነኝ። ግን ይዩት ይሄን። በቅርቡ ሌላ አዲስ እንቁላል ይፈለፈላል። ደግሞ አንድ ጊዜ ከቆመ፣ ማሽኑንም አውርደን፣ ሠራተኛም ከኮራት ከተማ እናመጣለን። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፣ ልክ ነሽ» አላት።

ያን ማታ ሚስቱ ኑዋን ሩዙን በሰፌድ፣ የፓፓያውን ሰላጣ በሳህን አድርጋ ብታቀርብለትም እጆቹን ያያቸዋል። አርጅቼ ይሆን? መዳፌ መስማት አቁሞ ይሆን? አርባ ዓመት የኖረበት ነገር ከእጁ ሲሄድ ሰው ምን ይተርፈዋል? ጌጁንም አውጥቶ አገላበጠው፤ ምናልባት የሚዋሸው እሱ ይሆናል ብሎ አሰበ። ወዲያው ደግሞ ቲኖን የከዳው መሰለውና አፈረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ብላ!» አለች ኑዋን። «ደሞ እኮ የሚጠሩህ ቀን ይገርመኛል። ሁልጊዜ እኔ ለትልቁ የጨረቃ ቀን ቤተ መቅደስ ውዬ በመጣሁ ማግስት። እግሬን ሳላሳርፍ ምሳ ሥሪልኝ ትለኛለህ።»

«ምን አልሽ?»

«ምሳ ሥሪልኝ ትለኛለህ።»

«እሱን አይደለም! የጨረቃ ቀን ያልሽውን።»

ኮንግሲ ደብተሩን አወጣ። የተጠራበትን ቀን ሁሉ ጽፎታል፤ ግን ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እያለ ነው የጻፈው። ቤተ መቅደስ ከረገጠ ዓመታት ስላለፉት ጨረቃን የሚቆጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ኑዋን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የበዓል ቀን መቁጠሪያ አወረደችና አመሳከሩ። አንዱ ጨረቃ ሞልታ፣ አንዱ ጠፍታ፣ አንዱ ደግሞ ሞልታ። ሦስቱንም ጊዜ የተጠራው በማግስቱ ነው።

«ብረት ደሞ በዓል ማክበር ጀመረ?» አለች ኑዋን። ኮንግሲ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

የሚቀጥለው የጨረቃ ቀን ሲደርስ ማንም ሳይጠራው ሄደ። ከሰዓት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የትል ክፍሉን በር ከፍቶ ሲገባ ሴቶቹ ከቤተ መቅደስ መልስ ነጭ ሻርፓቸውን እንደደረቡ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ሁሉም ክው አሉ። ኮንግሲም ክው አለ።

ማሽኑ ሐር ለብሷል! ከወገቡ እስከ እግሩ፣ ሁለት ዙር፣ ወፍራም፣ የበሰለ ማንጎ ቀለም ያለው፣ ጠርዙ ላይ ጥልፍ የወረደበት ሐር። አናቱ ላይ ደግሞ ሽታ የሌለው ነጭ አበባ ተሰክቷል፤ ትሎቹ ሽታ እንደማይወዱ ሴቶቹ መች ይጠፋቸዋል! ጨርቁ የተጠመጠመው ግን ልክ ማሽኑ አየር በሚስብበት ወንፊት ላይ ነው።

ኮንግሲ ሮጦ መዳፉን አናቱ ላይ ለጠፈ። ማሽኑ እንደታፈነ ሰው ያቃስታል። ሐሩን ፈትቶ ጎን አኖረና ወንፊቱን ሲከፍት ውስጡ ያሉት ቱቦዎች በረዶ ተጋግሮባቸዋል። አየር ሲያጣ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው ሲወፍር ራሱን ያጠፋል። ጠዋት ሐሩ ሲወልቅ በረዶው ይቀልጣል፣ ኮንግሲ ሲመጣ ጤነኛ ማሽንና ትንሽ ውሃ ያገኛል። አቤት! ወር ተኩል ሙሉ ያሳበደው ነገር ይኼ ነው።

«ማን ነው ይሄን...» ብሎ ጀመረና ድምፁ ከፍ ሊል ሲል ሰፌዶቹን አየ። ትሎቹ ክር ያክላሉ፤ ገና ቅጠል መንከስ መጀመራቸው ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ መውጣት ጀምሯል። ጩኸቱን ዋጠው።

«ራምፋ፣ መስኮት እንዳትከፍቱ፣ ዝንብ ይገባል። ሸራ በውሃ ንከሩና መስኮቱ ላይ ስቀሉ። ሰፌዶቹን ወደ መሬት አውርዷቸው፤ ታች ቀዝቀዝ ይላል። ቶሎ!»

እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ አስነሣ፤ በረዶው በራሱ ይቅለጥ ብሎ። ቢፍቀው ቱቦውን ይበሳዋላ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር። ውሃው በመውረጃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ሴቶቹ በእጃቸው መለኪያውን እያሳዩ ይንሾካሾካሉ፣ ኮንግሲ መዳፉን ለጥፎ ይሰማል። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሠላሳ ሊሆን ሲል የመጨረሻው በረዶ ተንሸራቶ ወረደ። ሞተሩን አስነሣው። ቀዝቃዛው አየር ፊቱ ላይ ሲመጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አንድም ትል አልሞተም።

ከዚያ እማማ ፔንግ እንደምንም ተነሡ።

«የኔ ሥራ ነው» አሉ። «እነሱን አትቆጣ። ሐሩ የራሴ ነው፤ አምና ካተረፍነው ትል የወጣ፣ የመጀመሪያው። ጎረቤቶቻችን ሲያለቅሱ እኛ በላን። ማመስገን አይገባም? በየትልቁ ቀን አለበስነው፣ ጠዋት አወለቅነው።»

«እማማ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሦስት ጊዜ ስመላለስ!»

«አንተማ ትስቅብናለህ» አሉ እማማ ፔንግ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። «ብረት ምን ያውቃል ትለናለህ።»

ኮንግሲ አንገቱን ደፋ። አምስት ዓመት ሙሉ የረሳው ሳቅ ተመልሶ ጆሮው ላይ ጮኸ። ማሽኑን ያፈነው ሐሩ ነው፤ ሐሩን ያስደበቀው ግን የእሱ አፍ ነው። ቢነግሩት ኖሮ በአንድ ደቂቃ «እማማ፣ እዚህ ጋ አይሸፍኑት፣ አናቱ ላይ ያድርጉለት» ብሎ ይጨርሰው ነበር። አንድ ሰፌድ ትልም አይሞትም ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ ለራምፋ እንዲሰማት ጎላ አድርጎ። «ማሽኑ አልታመመም፣ እማማም አላጠፉም። የኔ አፍ ነው ያጠፋው።» ከዚያ ሐሩን በንጹሕ ጨርቅ በጠረገው እጁ አንሥቶ፣ አጣጥፎ፣ ለአሮጊቷ በሁለት እጁ ሰጠ። «ይሄ ትንፋሹን ይዘጋበታል እንጂ... ደግ አድርጋችኋል። ደግ ነው ያደረጋችሁት።»

እማማ ፔንግ ሐሩን ተቀብለው ትንሽ አሰቡ። ወደ ማሽኑ አዩ፣ ወደ ኮንግሲ አዩ።

«ተነሣ» አሉት።

«እ?»

«ተነሣ ስልህ!»

ተነሣ። አሮጊቷ ዘይት ያዘለውን ሸሚዙን ከቁብ ሳይቆጥሩ ሐሩን ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩና ከፊት ቋጠሩት፤ ሩቅ አገር ሄዶ ለተመለሰ ልጅ፣ መንደሩን ለረዳ ትልቅ እንግዳ እንደሚታሰረው።

«እማማ፣ ዘይት ይነካዋል!»

«ይንካው። ለካ ሰውዬው ቆሞ ሳለ ግድግዳውን ነው ስናለብስ የከረምነው» አሉ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ቀልድ የማታውቀው ራምፋ ሳትቀር። ራምፋ ሳቋ ሲያበቃ መዳፎቿን አገናኝታ፣ እስከ ግንባሯ ከፍ አድርጋ እጅ ነሣችው። ኮንግሲ መልሶ እጅ ሊነሣ ሲል እንባው ቀደመው። አልደበቀውም።

ሐሩን ወገቡ ላይ እንዳሰረ በሞተር ሳይክሉ በመንደሩ መሐል አለፈ። አበባ በማንጠልጠሉ የሚያሾፍበት ጎረቤቱ አፉን ከፍቶ አየው፤ ኮንግሲ ጥሩምባውን ነፋለትና ሄደ።

ቤት ሲደርስ ኑዋን ነገሩን ሁሉ ሰምታ ሐሩን በጣቷ ዳሰሰች። «ለበዓል ትለብሰዋለህ» አለችው። እሱ ግን መልስ ሳይሰጣት ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የሥራ ቦርሳውን ከፈተና የቲኖን ጌጅ አወጣ፤ መስታወቱ የተጫረ፣ ቁጥሩ ግማሹ የጠፋ። በእጅጌው ወለወለው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ፣ በሐሩ ሁለት ዙር ጠቀለለውና መዳፉን ከላዩ ላይ ለጠፈ።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ኑዋን አየችው። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልሰማችም፤ አረብኛ ይሆናል።

«አንተ ሰውዬ!» አለች። «ደሞ አንተም ብረት ማልበስ ጀመርክ?»

«ተይኝ» አላት፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ይሄኛው አየር አይፈልግም።»