እናቴ በአውጫጭኝ ላይ የተናገረች ዕለት

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላለው ቤቴ የብረት በር ሲገጠም የብየዳው ሽታ ግቢውን ሞልቶት ዋለና፣ አምበር አጠገብ ያደግሁበት ቤት በር ትዝ አለኝ፤ ከአጠና ተሠርቶ በጠፍር የሚታሰር፣ ለሌባ ሳይሆን ለጥጃ የሚዘጋ፣ ጥጃዋም በግንባሯ ገፋ አድርጋ የምትገባበት በር።

በዚያ አገር ሌባን የሚያስፈራው አውጫጭኝ ነበር። ከብት ሲጠፋ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ሾላ ሥር ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ እርሻው የሚመለስ የለም። የሚያውቅ ሰው ተደብቆ በሽማግሌ ጆሮ ሹክ ይላል፤ እሱን “ወፍ” ይሉታል።

ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ያላት አንድ በሬ በዘር ሰሞን ጠፋ። እኛ ልጆች ስብሰባው ድግስ መስሎን በትልልቆቹ እግር መሃል ድብብቆሽ ስንጫወት፣ ቄሱም ጥምጥማቸው ዐይናቸው ላይ ወርዶ ሲያንቀላፉ፣ እናቴ ብድግ አለች።

“ወፍ ካለሽ ጠጋ በይና ንገሪኝ” አሏት ሽማግሌው።

“ተደብቄስ አልናገርም፣ አባቴ። በሬውን የነዳው ወንድሜ ነው። ወደ ሉማሜ ሲያወጣው አይቻለሁ።”

አጎቴ ጌታሁን እሷው እጅ ላይ ያደገ፣ እኔን በትከሻው ተሸክሞ ጥምቀት የሚያወርደኝ ሰው ነበር። “እታለም፣ ለሰው በሬ ብለሽ?” አላት።

“እሷስ በምን ትረስ?” አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

በሬው ተገኝቶ ተመለሰ። አጎቴ ድንጋይ ተሸክሞ እትዬ ጥሩዬ እግር ሥር ወደቀ፤ እሷም ይቅር አለችው። እሱ ግን እናቴን ይቅር አላላትም። ደብረ ኤልያስ ገብቶ ቀረ። እናቴ በየፋሲካው የሱን ድርሻ ሥጋ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ታስቀምጥለት ነበር፤ ሲሸት ራሷ አውጥታ ለውሻ ትሰጠዋለች። ሳይታረቁ ሞተች።

ባለፈው ወር የጎረቤቴን በጎች በጠራራ ፀሐይ በባጃጅ ጭነው ሄዱ። እኔ ቤት አልነበርሁም፤ ባለሱቁም፣ በቆሎ ጠባሿም፣ ደጅ ተቀምጠው የዋሉትም ሁሉ አላየንም አሉ። ለምርመራ የመጣው ወጣት ፖሊስ ደክሞት አጥሩን ተደግፎ፣ “እማማ፣ ሰው ካልተናገረ እኛ ምን እናድርግ?” አለኝ።

አውጫጭኝ ይመለስ አልልም፤ ስንት ንጹሕ ሰው ጦሙን እንደዋለበት፣ ስንቱን ቂመኛ ወፍ እንዳጠፋው አውቃለሁ። የጎደለን ለጎረቤት በሬ ብሎ ወንድሙን የሚያጣ ሰው ነው። ልጆቼ እንዲያ ይሁኑ ብዬ ለመመኘት ግን፣ እናቴ የከፈለችውን ሳስብ፣ አልደፍርም።