ሺሻ ብዬ የመዘገብኩት ቅል

ፖሊስ ጣቢያችን ኤግዚቢት ክፍል የተመደብኩ ቀን ኢንስፔክተሩ አንድ ቁልፍና አንድ መዝገብ ሰጠኝና፣ «ሳጅን፣ እዚህ ካንተ የሚፈለገው እጅህ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱን እኛ እናዋጣለን» አለኝ። ያዋጡትን ጭንቅላት ላሳያችሁ።

ሥራዬ ቀላል ነበር። በፍተሻ የተያዘ ዕቃ ይመጣል፤ ዓይነቱን፣ ብዛቱንና የተያዘበትን ቤት እመዘግባለሁ፤ ካርድ አስሬበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ይዤ እቀርባለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ከአምቦ ብዙ አትርቅም፤ አብረውኝ የሠሩ ያውቋታል።

አንድ ጊዜ «የዕፅ መጠቀሚያ ዕቃ» ዘመቻ መጣ። ኢንስፔክተሩ ለምስጋና አሰፍስፎ ሦስት ቀን ሲፈትሽ ሰንብቶ ያገኘው፣ ከአንድ መምህር ኪራይ ቤት፣ አንድ ቅል ነው። ጎኑ ላይ ሸምበቆ ተሰክቶበታል፤ አናቱ ላይ ትምባሆ የሚቀመጥበት ሸክላ አለው። ውስጡ ውሃ ይጨመርና ይጨሳል። ጋያ ነው። እናቴ ስታጨስበት እያየሁ ነው ያደግኩት።

«ሺሻ ብለህ ጻፍ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ጋያ…»

«ጭስ ይወጣዋል አይወጣውም?»

«ይወጣዋል።»

«በቃ!»

ጻፍኩ። በእሱ ስሌት የአገሩ ምድጃ ሁሉ መታሰር ነበረበት።

ቤቱ ውስጥ ቅንጣት ዕፅ አልተገኘም። ድስት አገኘን ብሎ ሰውን በወጥ ስርቆት እንደመክሰስ ነው። ኢንስፔክተሩ ግን «ዕፁን እያፈላለግን ነው» እያለ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስጨመረ። መምህሩ ገመቹ ታስሮ ከረመ። አዲስ ተቀጣሪ ስለነበር፣ «ባስቸኳይ በሥራ ገበታህ ካልተገኘህ ትሰናበታለህ» የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ መጣለት። ያደረስኩለት እኔ ነኝ። አንብቦ ሲጨርስ፣ «ሳጅን፣ አንተም ሺሻ ነው ትላለህ?» አለኝ። አፈርኩ። ደብዳቤው እንደደረሰው አስፈርሜው ወጣሁ።

እናቱ አዴ ጫልቱ ከሚኖሩበት ከካቺሲ መጡ። ባለፈው ለሕክምና መጥተው ልጃቸው ቤት የተዉት የራሳቸው ጋያ ኖሯል። ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ «ኩን ጋያ ኮቲ! የኔ ነው! እኔን እሰር፣ ልጄን ፍታ!» አሉ።

«እማማ፣ ጉዳዩን ሕግ ይዞታል» አላቸው። ሕግ የት ያውቀውና!

ችሎት ላይ ዳኛው ቅሉን አገላብጠው አዩት።

«ማነው የመዘገበው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

ኢንስፔክተሩ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሺሻ ብለህ ጻፍክ?»

«ፈርቼ።»

መምህሩ ያን ዕለት ተለቀቀ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያስተምራል። ቅሉን ተሸክሞ ከእናቱ ጋር ካቺሲ ገባ። ኢንስፔክተሩ ለዘመቻው የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ መስታወት ውስጥ አስገብቶ ቢሮው ሰቀለው።

ዛሬ መዝገቡን የያዛችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉ። ጋያ ብሎ መጻፍ ሺሻ ብሎ ከመጻፍ የበለጠ ቀለም አይፈጅም። በመጀመሪያው ቀን ጽፌው ቢሆን ኖሮ ገመቹ ዛሬም ያስተምር ነበር።