ማን ወጋው?

በእሳት አደጋ ጣቢያው በስሙ የሚጠራው የለም። በፊቱ «አለቃ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «አለቃ ቆይ»። «ቆይ» ማብዛቱን ራሱም ስለሚያውቅ አይቀየምም። ሹፌሩማ «አለቃ እኮ ሙሽራዋንም ቆይ ብሏት ነው ሳያገባ አርባ ዓመት የሞላው» እያለ ያስቃል።

ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ገና ጎረምሳ ሳለ አብሮት የሚሠራ ጓደኛው፣ ጠብ ካለበት ቤት «ሰው ተጎድቷል» ተብለው ሲጠሩ፣ ፖሊስ ሳይጠብቅ የሕክምና ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዘው አለ። በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አለቃ ስለት ወይም ጠብ ያለበት ጥሪ ሲመጣ ከሕጉ ፍንክች አይልም። መኪናው ከቤቱ ሁለት መታጠፊያ ርቆ ይቆማል። ሳይረኑ ይጠፋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ መውጫው ይዞራል። ፖሊስ ገብቶ «ሰላም ነው» እስኪል ማንም አይወርድም። ይህ ሕግ ስንቱን አባት ለልጆቹ አቆይቷል። ፈሪ እያሉ የሚያሟቸው ሻንጣውን ተሸክመው የማያውቁ ናቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ደረታቸውን በስለት ተወግተዋል፣ የወጋቸው ሰው የት እንዳለ አይታወቅም፣ ስልኩም ተቋርጧል። አለቃ መኪናውን አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጥግ አስቆመ። ፖሊሶቹ ሌላ ሰፈር ነበሩ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ ከዚያ አሥር። የስፌት መኪናው ይንቀጫቀጫል። ሹፌሩ መሪውን በጣቱ ይመታል።

«አለቃ፣ የሰውዬው ደም ያልቃል እኮ።»

«ቆይ።»

«ሮጥ ብዬ በመስኮት ልይ?»

«ቆይ አልኩህ።» እሱ ራሱ ግን ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ነበር።

ፖሊስ በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ደረሰና ተከትለውት ገቡ። በቤቱ ውስጥ አንዲት የደም ጠብታ የለችም። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተንበርክከው በጋዜጣ ያራግቡላቸዋል። ስልኩ አልጋው ሥር ወድቋል። «ድንገት ወጋው» ይላሉ ሴትዮዋ፣ «ደረቱን ድንገት ወጋው።»

ፖሊሱ ግራ ተጋብቶ «እማማ፣ ማን ነው የወጋ…» ሲል አለቃ ክንዱን ያዝ አደረገው። «ቆይ» አለው በጆሮው።

ገብቶታል። ሴትዮዋ በስልክም ያሉት ይህንኑ ነው። ሲያመው ጎኔን ወጋኝ፣ ደረቴን ወጋኝ የማይል ማን አለ? የአለቃ እናትም ዕድሜ ልካቸውን እንዲሁ ሲሉ ነው የኖሩት። ስልክ ተቀባይዋ «ማን ወጋው?» ብላ ሳትጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ፤ እሷም ስለት ብላ ጻፈችው። ልቡን የወጋው ሰው የሚፈልገው ደግሞ እነዚያኑ አሥራ አራት ደቂቃዎች ነበር። አለቃና ሹፌሩ ግማሽ ሰዓት እየተፈራረቁ የሽማግሌውን ደረት ተጫኑ። ልባቸው አልተመለሰም።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ጣቢያው ድረስ መጡ። ልብስ ሰፊው ነግሯቸው ኖሯል። አለቃ ወንበር ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እዚያ ጥግ ቆማችሁ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«ምን ልትጠብቁ?»

በሩ ላይ የቆመው ሹፌር አለቃን አየው። «ወጋው» የምትለዋን የራሳቸውን ቃል መንገር ቀላል ነበር። ያችን ቃል ይዘው ወደ ባዶ ቤት የሚመለሱት ግን እሳቸው ናቸው፤ እስኪሞቱ ሲያመላልሷት ሊኖሩ ነው።

«ፖሊስ ስንጠብቅ ነበር። ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።»

«እኔ አበላሽቼ ተናግሬ ይሆን እንዴ? በድንጋጤ ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም።»

«የለም፣ እማማ። እርስዎ በትክክል ነው የነገሩን።»

ይህ ውሸት አልነበረም።

«እንግዲያው አንተ ነህ» አሉ ሴትዮዋ። «ይቅር ልልህ አልችልም፣ ልጄ።»

«ይገባኛል።»

ከሄዱ በኋላ ሹፌሩ በገነ። «ለምን አልነገርካቸውም? ነፍሰ ገዳይ አደረጉህ እኮ።»

«እኔ እችለዋለሁ» አለ አለቃ። አልቻለውም። ሻንጣውን የሚፈትሽ መስሎ ጀርባውን ሰጥቶ አለቀሰ።

ዛሬም ስለት ሲባል ሁለት መታጠፊያ ርቆ ይቆማል፤ ነገር ግን መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሬዲዮውን አንስቶ «መልሳችሁ ደውሉና ማን ወጋው በሉልኝ» ይላል። ሴትዮዋ ገበያ ሲሄዱ ጣቢያው ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን አዙረው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አለቃ ሁልጊዜ በመስኮት ይጠብቃቸዋል።

«ዛሬም ተሻገሩ» ይለዋል ሹፌሩን፣ እፎይ ብሎ ተመልሶ እየተቀመጠ።