የወንድሙን መኪና ያለበሰው ሰው

ጀላል በደባርቅ የመኪና ቀለም እንዳይጫር ግልጽ ላስቲክ እየለጠፈ ይተዳደራል። ዛሬ ነጭ ፒካፕ ይዞ የመጣው ሰውዬ ግን ቁጭ በል ቢለውም አልቀመጥ አለ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ከሊማሊሞ በኩል የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከግድግዳው ጥግ ይሸጎጣል። ፍርሃቱ ወደ ጀላልም ተጋባ።

«መኪናዋ ያንተ ናት?» አለው ጀላል፣ ላስቲኩን በቀስታ እየዳመጠ።

«የወንድሜ ናት። ሲመለስ ቀለሟ እንዳለ ያግኛት ብዬ ነው።»

«ከወዴት ነው የሚመለሰው?»

ሰውዬው በጋቢው ጫፍ የበሩን እጀታ ደጋግሞ ወለወለ። ሥራው ሲያልቅ ብቻ ጠጋ ብሎ፣ «አላየኸኝም፤ አደራህን» ብሎት ፒካፗን አስነስቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ታርጋ የሌላት መኪና ከደጁ ቆመች።

«ነጭ ፒካፕ አላለፈም?» አለው ሹፌሩ በመስኮት።

«ኧረ እኔስ አላየሁም» አለ ጀላል። የተራረፈው ላስቲክ ከጣቶቹ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለው።