ቢራቢሮ የሆነችው እናት

የጥንቱን የጃፓን ቤተ መንግሥት ልብ ወለድ ኮሌጅ ውስጥ የተማርኩት ወድጄ አይደለም፤ ከሆስፒታሉ ሺፍቴ ጋር የሚገጥመው ክላስ እሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቻምብሊ ካለው ቤታችን እናቴን ለእናቶች ጸሎት ቸርች ሳደርስ፣ ያነበብኩትን መኪና ውስጥ እተርክላት ነበር።

ታሪኩ ስለ አንድ እናቱ የሞተችበት የመኳንንት ልጅ ነው። መነኩሴ በሕልሙ መጥቶ፣ እናቱ የአትክልት ቦታዋን ከልክ በላይ ስለወደደች ቢራቢሮ ሆና ዳግም እንደተወለደች ነገረው። ልጁም ሹመቱን ጥሎ በሰው አትክልት ውስጥ ሲፈልጋት ይውል ጀመር።

"ልጇን ትታ ለአበባ?" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ በቡድሃ እምነት ነፍስን የሚጎትታት የወደደችው ነገር ነው። ሰው፣ እንስሳ፣ የተራበ መንፈስ፣ አንዳንዴም አምላክ ሆና ስትዞር ትኖራለች።"

"አምላክ ሆናም ትሞታለች?"

"አዎ።"

"ጉድ! ልጁ ግን ምን እየበላ ነው የሚዞረው?"

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሮዝዌል ያለ የአረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ ከእናቴ ጋር የምትጸልይ እኅት እጄን ያዘችኝ። "ያ እናቱ ሞታበት ሥራ ኩዊት ያደረገው ልጅ እንዴት ሆነ? በጾም በጸሎት ይዘነዋል። ባለቤቴ ኮንየርስ ያለ መጋዘን ሥራ ያስገባዋል። የዕቃ ማንሻውን፣ ፎርክሊፍቱን ይነዳል?"

ደነገጥኩ። "እሱ የለመደው በሬ የሚጎትተው ሰረገላ ነው" አልኩ ሳላስበው።

"ውይ፣ ገጠር ነው ያደገው!"

እናቴን ዞሬ ባያት ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። ልጁ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው መሆኑን መናገር ግድ ሆነብኝ። አጠገባችን የቆሙት የቸርቹ ሽማግሌ ሰምተው ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እኅቴ፣ ለልብ ወለድ ሰው ነው እንዴ ያስጾሙን?" አሏት እናቴን።

"ልጁ ሲንከራተት ዝም ልበል?" አለች እናቴ፣ ቅንጣት ሳታፍር። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰዉ እየሳቀ ሲበተን ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ለመሆኑ እናቱን አገኛት?"

"መጽሐፉ የሚያልቀው አንድ የአትክልት ቦታ በር ላይ እንደቆመ ነው። ፕሮፌሰሯ እንደሚሉት፣ ልደትና ሞት እንደ መንኮራኩር ስለሚዞር፣ ታሪኩም መቋጫ አያስፈልገውም።"

"ገባ ወይስ አልገባም?"

"አይታወቅም፣ አባባ።"

"እንዲህም አድርጎ መጻፍ አለ!" አሉና፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ መኪናቸው ሄዱ።