የፀጉር ቅባቱና ነጩ ቀለም

ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባ ልሰራላት ምንጣፉ ላይ፣ በጉልበቶቼ መካከል ትቀመጣለች። በሳምንቱ ውስጥ ከእኔ ጋር በደንብ የምታወራው ያኔ ነው። በሌላው ቀን ከትምህርት ቤት ትገባለች፣ የጆሮ ማዳመጫዋን ታደርጋለች፣ የክፍሏን በር ትዘጋለች። አስራ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ደግሞ በር ሲዘጋ ብዙ ነገር የማስብ ሴት ነኝ።

ዝናቡ በማያባራበት ሰሞን ትንሽ መርከብ ትሰራ ነበር። ከሲያትል ወደ ደሴቶቹ መኪና ጭነው ከሚሻገሩት ፌሪዎች አንዷን፣ በፕላስቲክ። ሹሩባ ስሰራላት እሷ መርከቧን ጭኗ ላይ አድርጋ ትገጣጥማለች፤ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ አስተማሪዎቿ ታወራኛለች። ፀጉሯን ቅባት ቀብቼ ለሁለት ከፍዬ "ያዥልኝ" ስላት በጣቷ ትይዝልኛለች፣ ከዚያ ወደ መርከቧ ትመለሳለች።

መርከቧ ነጭ ሆና በወገቧ ዙሪያ አረንጓዴ መስመር አላት። ልጄ ነጩን ቀባች። ሲደርቅ መስመሩ ቀጥ እንዲል ከላይና ከታች ማስኪንግ ቴፕ ለጥፋ መሃሉን አረንጓዴ ቀባች። ቴፑን ስታነሳው ነጩ ቀለም አብሮት ተላጠ።

"አልደረቀም ነበር" አለች። ፍቃ እንደገና ቀባች፤ ብዙ ቀን ጠበቀች። ቴፑንም መጀመሪያ ጂንሷ ላይ እየለጠፈችና እያነሳች ሙጫውን አደከመችው። አሁንም ተላጠ፤ ግን እዚህም እዚያም ብቻ። መብራት ስር አዘንብላ አየቻት። የተላጡት ቦታዎች የጣት ጫፍ ያህል ነበሩ። ጣቷን አሸተተች።

"ማሚ፣ የፀጉር ቅባቱ ነው። ቅባት የነካው ፕላስቲክ ቀለም አይዝም።"

"ወይኔ! እኔ ነኛ ያበላሸሁብሽ!"

"ኖ፣ የያዝኳት እኔ ነኝ። ሶ፣ ከአሁን በኋላ ክፍሌ ውስጥ እሰራታለሁ። ፀጉሬን ኦቴሎ ሰፈር ያለችው ሹሩባ ሰሪ ትስራኝ። ኦኬ?"

ኦኬ አልኩ። ግን ቅዳሜም በሩ ሊዘጋ ነው። ሳህኑን አጥቤ ስጨርስ ክፍሏን አንኳኳሁ።

"ቅዳሜ መጀመሪያ መርከቧን ስሪ። እስክትጨርሺ ቅባቱን ከቁምሳጥን አላወጣውም። ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።"

"አንቺ? በየደቂቃው 'ጨረስሽ?' ልትይኝ ነው።"

"አልልም።"

"ትያለሽ!" ሳቀች። ግን እሺ አለች።

ቅዳሜ የቀረውን ቀለም ሙልጭ አድርጋ ፋቀች። መርከቧን ለብ ባለ ውሃና በሳህን ሳሙና አጠብናት፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ያለ ጓንት አልነካናትም። ስትደርቅ በረንዳ ላይ መጀመሪያ ፕራይመር ነፋችባት፣ ነጩን የሚይዘው ግራጫ ቀለም ነው። ከዚያ ነጩን።

"ሽታው እስኪጠፋ አልደረቀም ማለት ነው" አለችኝ። "አንቺ አሽቺያት። ይሄ ያንቺ ስራ ነው።"

እውነቷን ነው፤ ጋዝ እንዳያፈስ ምድጃውን ሳላሸት የማልተኛ ሴት ነኝ። በየቀኑ ክፍሏ እየገባሁ መርከቧን አሸተትኩ። "ገና ነው" ስላት "ዶክተሯ ከከለከለች!" እያለች ትስቃለች፤ ግን አትነካትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽታው ጠፋ። ቴፑን ለጥፋ መስመሩን ቀባች። ማንሳቱ ላይ ስንደርስ እጇን ሰበሰበች።

"ማሚ፣ አንቺ አንሺው። እኔ እቸኩላለሁ።"

"ነጩ ቢላጥስ?"

"ወደ ላይ አትሳቢው። ጫፉን መልሰሽ እጠፊውና ወደ ኋላ፣ ቀስ እያልሽ።"

ቀስ ማለትስ አያቅተኝም። ትንፋሼን ይዤ ሳብኩት። ቴፑ መጣ፤ ሙጫው ላይ የነጭ ነጥብ እንኳ አልነበረም። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ልጄ መርከቧን ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ቅባቱንና ማበጠሪያውን ራሷ አምጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የምትሰራው ነገር ስላልነበራት በሁለት እጇ ቁርጭምጭሚቴን ይዛ ወሬዋን ጀመረች።