የመጨረሻው ዙር

ከቆቦ ገበያ ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን ስፌት የጀመርነው ማሽላው እሸት ሳያሳይ ቆሞ የደረቀበት ዓመት ነው። አብዛኞቻችን የሰው ማሳ አርመን፣ የሰው እህል አጭደን የምናድር ነበርን። ማሳው ባዶ ሲሆን የሚያሠራን ጠፋ። አንዲት ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከወስፌ የሚሾል ሴትዮ ሰበሰበችንና "በሉ እንግዲህ፣ እናቶቻችሁ ያስተማሯችሁን ሽጡ" አለችን። ሊቀመንበራችንም እሷው ሆነች። መሶብና ሙዳይ እንሰፋለን። ጥቂቱን የጎብዬ ካፌዎች ይወስዱታል፤ የቀረውን ሮቢት ላይ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት በኩል እንሸጣለን።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ግን የሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። ያለችኝ አንዲት ልጅ "መሬቱ ከከዳን እኔ ምን እጠብቃለሁ?" ብላ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ከሄደች፣ ድምጿም ከጠፋ ወራት አልፈው ነበር። ቤት ስገባ ከራሴ ሳል በቀር የምሰማው የለም። ቤቴን ጠላሁት።

የኛ ሴቶች መንገደኛ ያላት ሴት የስፌቷን የመጨረሻ ዙር ራሷ መስፋት የለባትም ይላሉ፤ የመንገደኛው መንገድ ይዘጋል ተብሎ ይፈራል። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር እምብዛም አላምንም። ግን በልጅ ነገር ማን ይደፍራል? ስለዚህ የጀመርኩት መሶብ ጫፉ ጋ ሲደርስ አንዷ መጥታ ከጎኔ ትቀመጥና ትጨርስልኛለች። እየሰፋችም፣ "ዛሬስ ወሬ አለ?" ትለኛለች።

"የለም።"

"አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል።"

መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ሁሉም አዛኝ ቅቤ አንጓች ይመስሉኛል። አንዷን "አፍሽን ዘግተሽ ስፊ" ብያት፣ "እጄ ያለ አፌ አይሠራም እቴ" ብላ ሳቀችብኝ። እየቆየ ግን ያ ጥያቄ ይናፍቀኝ ጀመር። መሶቡ ቶሎ ጫፉ ጋ እንዲደርስልኝ ቀና ሳልል እሰፋለሁ። ሊቀመንበሯ "ምን ነካሽ፣ ሠርግ አለብሽ እንዴ?" እያለች ታሾፍብኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ሥራ ላይ እንዳለን፣ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

"እማ፣ እኔ ነኝ።"

ወስፌው ከእጄ ወደቀ። መንገድ ላይ ታስራ ኖሯል፤ አሁን ሳዑዲ ደርሳ ሰው ቤት ትሠራለች። ጤና ነኝ አለችኝ። መቼ ትመጫለሽ አልኳት። "እማ፣ እኔን አትጠብቂ። እዚሁ ልኖር ነው" አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ለሴቶቹ የነገርኳቸው መድረሷን ብቻ ነው። ክፍሏ በእልልታ ተናጋች፤ "አልሐምዱሊላህ!" እያሉ እየተቀባበሉ አቀፉኝ። እኔ አለቀስኩ። የደስታ ነው አሉ። ደስታም ነበረበት፣ አልዋሽም፤ ልጄ በሕይወት አለች።

ሊቀመንበሯ ለመጨረስ ትንሽ የቀረውን መሶቤን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "በይ፣ ከእንግዲህ ራስሽ ጨርሺ። ልጅሽ መንገዷን ጨርሳለች።" ጨረስኩት። አጨበጨቡልኝ፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የምጀምረውን ራሴ እጨርሳለሁ። ከጎኔ የሚቀመጥ የለም፤ ለምንስ ይቀመጣል? ልጇ የተገኘች ሴት ምን ትጠየቃለች? አትጠብቂኝ ያለችኝን ለማንም አልተናገርኩም። እንዲያው ቢጠይቁኝ እንኳ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

በቅርቡ ወንድ ልጇ በዚያው መንገድ የሄደባት ሴት ማኅበራችን ገባች። ገና መሶቧ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይከቧታል። ባለፈው ሳምንት ተራው የእኔ ሆነና ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። መሶቧን ተቀብዬ የመጨረሻውን ዙር እየሰፋሁ፣ "ዛሬስ ወሬ አለ?" አልኳት። የለም ብላ በሩን በሩን አየች።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁባት። እሷ ገና የምትጠብቀው አላት።